ከመገናኛ ፒያሳ፣ ንፋስ መውጫ መጋዘን ውስጥ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ታጣቂዎች ከሚኒባስ አወረዱን። ወንድሜ ወገዳ መጥቶ አባታችንን ጠይቆ፣ አብረን ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ነበር። ማለቴ እሱ ሊመለስ፣ እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ልከተለው። በዚያ ሰሞን ከከተማ መጥቶ የሚመለስ ወጣት ሁሉ ይጠረጠር ነበር። መታወቂያችንን የያዘው ሰው ወንድሜን "ሥራህ ምንድን ነው?" አለው።

"ሴራሚክ አነጥፋለሁ" አለ።

እውነቱን ነው፣ ያነጥፋል። ከተማ የገባው ግን ለዚያ አልነበረም። ተዋናይ ሊሆን ነው የሄደው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ከአንድ የቲያትር ክበብ ጋር ይለማመዳል። ለትወና ፈተና በቀረበ ቁጥር "አነጋገርህ የገጠር ነው" እያሉ ይመልሱታል። አባታችን ደግሞ ሰው ሲጠይቃቸው "ግንበኛ ነው" ይላሉ። በእኛ ዘንድ ሰው ፊት ቆሞ የሚጫወት ልጅ ያሳፍራል። እሱም ቀስ በቀስ ሴራሚክ ማለቱን ለመደው።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ነበር። እህሉ ወጥቶ የገብሱ አቧራ ቀርቷል፤ ሲያስነጥሰን ይውላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩልና ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ ብቻ ነው። የሚበዙት ከስማዳና ከታች ጋይንት የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ከእስቴ የመጣ አንድ ነጋዴ ነበር። አንድ የቅኔ መምህርም ነበሩ፤ ሁላችንም "የኔታ" እንላቸዋለን።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ የስማዳ ሽማግሌ ወንድሜን ጠሩት።

"አንተ ልጅ፣ ይኼ አዲስ አበባ እምትለው እንዴት ያለ ነው? እስቲ አጫውተን።"

"ይኼ ተቀምጦ አይወራም አባቴ። እንሂድበት" አለና ተነሣ።

ሰውን ሁሉ በረድፍ በረድፍ አስቀመጠ። እኔን ከፊት አድርጎ የውኃ ባልዲውን ክዳን አስያዘኝ። ክዳኑ መሪ ነው፣ እኔ ሾፌር። ወንድሜ ደግሞ ረዳት ሆኖ በሌለ በር ላይ ተንጠለጠለ።

"አራት ኪሎ ፒያሳ! አራት ኪሎ ፒያሳ! ጠጋ ይበሉ አባቴ፣ አንድ ሰው ይግባበት!"

"ወዴት ልጠጋ? ግድግዳ ነው እኮ!"

"ታክሲ ላይ እንዲህ አይባልም፤ ይጠጉ።"

"ወየው፣ የእኔ በጎች እንኳ እንዲህ አይታጨቁም!"

ሳቅ ሆነ። መውረድ የፈለገ "ወራጅ አለ" እንዲል አስተማራቸው። ከዚያ ከመገናኛ ተነሣን።

ወንድሜ ከተማውን እንደዚያ ሲወደው አይቼ አላውቅም። ትኩስ ዳቦ የሚሸትበትን ጥግ፣ አስፋልት ላይ መጽሐፍ የሚዘረጉትን፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ አንድ በረንዳ ሥር ተጠግቶ የማያውቀውን ሰው ሲያዋራ፣ ሁሉንም አሳየን። የትራፊክ ፖሊሱንም፣ የተቆጣችውን ሴትዮም እሱው ይሆናል። አነጋገሩ የወገዳ ነው። እዚያ ግን ማንም ስለ አነጋገሩ አላነሣበትም።

"ይኼ ሁሉ ሕዝብ ወዴት ነው እሚሄድ?" አለ አንዱ። "የገበያ ቀን ነው?"

"እዚያ በየቀኑ ገበያ ነው።"

"ማን ያርሳል ታዲያ?"

"እናንተ ናችኋ! እነሱ ይበላሉ።"

አራት ኪሎን አልፈን ፒያሳ ስንደርስ ወንድሜ ባርኔጣውን አወለቀ። በእጁ ወደ በሩ አቅጣጫ እያሳየ፣ "ይኸውላችሁ ጊዮርጊስ" አለ።

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ቁጭ እንዳለ ያማትባል፣ ያልፋል። ይህን መንገር ረሳ። በእኛ አገር ደብር ፊት ተቀምጦ አይታለፍም፤ በቅሎ ላይ ያለ እንኳ ይወርዳል። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ፣ ወደ በሩ ዞረ።

በሩ ላይ የነበረው ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። "ተነሥተዋል! ተነሥተዋል!" እያለ ጮኸ። ሌሎች ሮጠው መጡ፤ አለቃቸውም መጣ። የባልዲው ክዳን እጄ ላይ ነበር።

"ማን ነው ያስነሣቸው?"

 የኔታ፣ "እኛንስ ጊዮርጊስ ነው ያስነሣን" አሉ።

"የቱ ጊዮርጊስ?"

"የፒያሳው።"

አለቃው አልሳቀም። ወንድሜ ከፊት ቆሞ ስለነበር ወደ እሱ ሄደ።

"አንተ ነህ? ሥራህ ምንድን ነው?"

የእስቴው ነጋዴ ከኋላው ሆኖ "ቀን ሠራተኛ ነኝ በለው" እያለ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ቢለው ምናልባት ይተዉት ነበር። 

"ተዋናይ ነኝ" አለ ወንድሜ።

ይህን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነበር።

"የት ነው የተጫወትከው?"

"እዚሁ።"

ይዘውት ወጡ። በበሩ ስንጥቅ ይታየኝ ነበር፤ ፀሐይ ላይ፣ ጠጠር ላይ በጉልበቱ አንበረከኩት። ውስጥ ያለው ሰው ተመልሶ በየረድፉ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ነጋዴው "ጋደም እንበል እንጂ፣ አለቀ እኮ" አለ።

"ረዳቱ ሳይመጣ ማን ይወርዳል?" አሉ የስማዳው ሽማግሌ። "ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። እግሩ የደነዘዘበት ነበር፣ መሽናት የፈለገ ነበር፤ ማንም ከቦታው አልተነሣም። እኔም ክዳኑን አላስቀመጥኩም።

ፀሐይዋ ስትበርድ አስገቡት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ደም ይዞ ነበር። ረድፉን አየ። ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ቦታው መጣና፣ "የት ደርሰን ነበር?" አለኝ።

"ጊዮርጊስ" አልኩት።

"ንዳው በላ።"

ነዳሁት። የመጨረሻው ፌርማታ ቅርብ ነበር።

"ወራጅ አለ" አሉ የኔታ። እየተነሡ እጁን ጨበጡትና "እግዜር ይስጥልን ልጄ" አሉት። ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ከዚያ ሌላው። ሁሉም አንድ በአንድ ወረዱ፣ ሁሉም አመሰገኑት። ነጋዴውም ጭምር። እሱ ለእያንዳንዱ "መልካም መንገድ" እያለ በዚያ ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቆመ።

ከወራት በኋላ ለቀቁን። ከተማ ተመልሶ ሴራሚክ አነጠፈ፣ ፈተና ቀረበ፣ አላለፈም። እንደገና ቀረበ። ዘንድሮ ሞተ፤ ጉበት ነው አሉን። ልቅሶው ላይ ዘመድ "ያሰበው ሳይሞላለት ቀረ" እያለ አለቀሰለት። እኔ ግን ሁሉም እጁን እየጨበጡ የወረዱበት መጋዘን ትዝ አለኝ።

አሁን እሱ በተከራየው ክፍል እኖራለሁ። ሴራሚክ ማንጠፍንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከተማውን ወድጄዋለሁ። ጠዋት በር ስከፍት ያ ሁሉ ሰው ሲጣደፍ ሳይ ደስ ይለኛል፤ እንዲህ አድርጌ እንዳይ ያደረገኝ እሱ ስለሆነ አመሰግነዋለሁ። አንዳንዴ እሑድ ትኬት ቆርጬ ቲያትር እገባለሁ። ሲያልቅ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። ጥሩ ነው። ግን ያንስብኛል።