ነዳጅ የማይጠጣው ሞተር

ጋምቤላ ከተመደብኩ ጀምሮ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኃይል ከባዶ አይፈጠርም፣ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ፤ ይህን በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም። አውቅ ነበር።

የማወራለት ሰው ኒውላንድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ቤት ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ሞተር ይጠግን ነበር። በደርግ ጊዜ በነበረው ሰፈራ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ አቦቦ ያደገ ሰው ነው። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ቲቸር ይለኛል። የጎግ ገበሬ ፓምፑ ሲነክስበት፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የሚሠሩት ሰዎች ጄኔሬተራቸው ሲያስቸግራቸው የሚመጡት እሱ ጋ ነበር። ከሞተ የባጃጅ ሞተር የውኃ ፓምፕ ሠርቶ፣ ባሮ ዳር ቲማቲም ለሚያለሙ ሰዎች ተክሎላቸዋል። ፓምፑ ውኃውን ሳበ፣ እኛም ቲማቲሙን በላን። እሱ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። "ይሄማ ብረት መበየድ ነው" ይላል።

ልቡን የሰጠው ጓዳ ላስቀመጠው ማሽን ነበር። ያሳየኝ መብራት ከጠፋ በአራተኛው ቀን ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፤ ማደያው ደርቆ ቤንዚን በሃይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር ይሸጣል። የማሽኑ ነገር እንዲህ ነው፤ ባትሪው ሞተር ያዞራል፣ ሞተሩ ከባድ የብረት ጎማ ያዞራል፣ ጎማው ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው መልሶ ባትሪውን ይሞላል። በእሱ አባባል ነዳጅ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ማብቂያም የለውም። አምፖሉ በራ። እኔም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም አጨበጨብን። አርባ ደቂቃ ገደማ በርቶ ቀላ፤ ከዚያ ጠፋ። "ባትሪው አሮጌ ሆኖ ነው" አለ። በባትሪው ማርጀት አልነበረም፤ እኔ ግን ዝም አልኩ።

ሳምንት ቆይቶ መጣ። "ቲቸር፣ አዲስ አበባ ሄጄ ፓተንት ላወጣ ነው። ከትምህርት ቤታችሁ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፊልኝ።" ቬንትሌተሬን ስንት ጊዜ ጠግኖልኛል። ወባ ጥሎኝ ሳለ መርፌ እየወጋች ያስነሣችኝ ነርሷ ሚስቱ ናት። በምን አፌ አይሠራም ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። "የፈጠራ ሥራው በተግባር ሲሠራ ተመልክተናል፤ ተስፋ ሰጪ ሆኖም አግኝተነዋል" ብዬ ጻፍኩ። አርባ ደቂቃም ቢሆን ሠርቷል እኮ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሳያነበው ፈረመና ክቡን ማህተም አሳረፈበት። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች እውነቱን ይነግሩታል፤ እኔ ምን በወጣኝ ክፉ ሰው እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ።

እነሱም ነገሩት። አንዲት ወጣት ባለሙያ በትሕትና አነጋገረችው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ሳይቆም ሲሠራ ካልታየ እንደማይመዘገብ አስረድታ ፋይሉን መለሰችለት። ሌላ ምን ታድርግ? እሱ ግን ሌላ ወሬ ይዞ ተመለሰ።

"መሃል ላይ ተነሥታ ወደ ውስጠኛው ቢሮ ገባች። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ውስጥ ያሉት እነማን ይመስሉሻል? ነዳጅ የሚያስገቡት ናቸው! ይሄ ማሽን ከወጣ ቦቴው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? ደግሞ እስቲ አስቢው ቲቸር፤ ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች ሠርቷል ብለው በማህተም ጽፈውልኛል። ታዲያ አይሠራም የሚለኝ ማን ነው?"

ክርክሩ በሙሉ የቆመው በእኔ ወረቀት ላይ ነበር።

ትልልቆቹ ጥቅማቸውን የሚነካ ነገር አያፍኑም ብዬ የምሟገት ሰው አይደለሁም። ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ የዋለ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። የሚያበግነኝ ግን የእሱን ማሽን ያፈነው ሰው አለመኖሩ ነው። ታፍኖ የቀረው ያ የባጃጅ ሞተር ፓምፕ ነው። "ጋሼ፣ ደብዳቤውን ለፓምፑ ልጻፍልህ" ማለት እንዴት እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ጋራዡን ዘጋ። የሰው ሞተር አልነካም አለ፤ የሚመጣው ሁሉ ሰላይ ሆነበት። አጥሩን በቆርቆሮ አስረዘመው። የባሮ ዳሩ ፓምፕ ሲበላሽ ሰዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ከበር መለሳቸው፤ ቲማቲሙም ማሳው ላይ ደረቀ። አንድ ቀን ሚስቱ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች።

"ወደ መቱ ዝውውር ተፈቅዶልኛል። ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ ልገባ ነው" አለችኝ። "አንቺን ይሰማሻል፤ እስቲ አንድ ጊዜ ንገሪው። ከተወው እቀራለሁ።"

ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አታውቅም። ፊርማው የምክትሉ ነው።

በነጋታው ሄድኩ። ማሽኑን እያስዞረ ነበር፤ ሲያየኝ አጠፋው። "ጋሼ፣ አይሠራም" አልኩት። "ያኔም አውቅ ነበር። የጻፍኩልህ እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው።" እንደ ተማሪ እያስረዳሁት እጁን ይዤ ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩት። "ጋለ አይደል? ከባትሪህ የወጣው ኃይል የሚሄደው እዚህ ነው። ዲናሞው የሚመልስልህ ሁልጊዜ ከሰጠኸው ያነሰ ነው።" እጁን ሳያነሣ ብዙ ቆየ። የገባው መሰለኝ፤ በሆዴ እግዜርን አመሰገንኩ።

ከዚያ ተነሥቶ የግቢውን በር ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መቼ ነው የመጡብሽ?"

"እነማን?"

"አይዞሽ፣ አልፈርድብሽም። ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ነሽ፤ ቢያስፈራሩሽ ምን ታደርጊያለሽ? እውነቱን የጻፍሽው ያኔ ነው ቲቸር። ዛሬ የሚያናግርሽ ፍርሃት ነው።"

ብምልም ብገዘትም አልሰማኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ አይመጣም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝም እንደማያውቀኝ ያልፈኛል። በእሱ ቤት እኔን ከነዚያ ሰዎች መጠበቁ ነው።

ሚስቱ የምትሄድበት ቀን መናኸሪያ ወርጄ ሸኘኋት። እሱ ማሽኑን ጥሎ አልመጣም። ልጆቹ ሚኒባሱ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። አቅፋኝ አለቀሰች።

"አንቺ እንኳን እውነቱን ነገርሽልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ያንን ደብዳቤ የጻፈለትን ሰው ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር የእጁን ይስጠው።"

ጊዜ ነበረኝ። ሾፌሩ ገና ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያወራል።

"አሜን" አልኳት።