የተሰረዙት ሦስት መስመሮች

አባቴ ረቡዕ ጠዋት ሞተ። ቀብሩ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ታላቅ ልጅም መምህርም በመሆኔ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈውና የማነበው እኔ ነበርኩ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ሥርዓት እወዳለሁ። ትውልዱን፣ እምነቱን፣ ትዳሩን፣ ሥራውን በየተራ በአንድ ገጽ አሰፈርኩ።

ስለ ጊዜው ትንሽ ላስረዳ። ደርግ የእኛን ጸሎት ቤት ዘግቶ የቀበሌ መጋዘን አድርጎት ነበር። የሀዋሳ ምእመናን በየቤቱ አምስት ስድስት እየሆኑ ይገናኛሉ፤ ከነዚያ ቤቶች አንዱ የእኛ ነው። እኔ ግን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ጸሎቱ ሊጀመር ሲል "የማርመው ደብተር አለኝ" እያልኩ እወጣ ነበር። አባቴ አንድ ቀን እንኳ "ወዴት ነው?" ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀብር ብዙ ሰው ስለሚሰበሰብ፣ የሚነበበው ጽሑፍ አስቀድሞ በቀበሌ መታየት ነበረበት። ሊቀመንበሩ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ሳቀ።

"አንተ የተማሪ ደብተር ታርማለህ፤ ዛሬ ደግሞ እኛ ያንተን እናርማለን።"

ሦስት መስመር ሰረዘ፦ አባቴ በወጣትነቱ ጌታን ማመኑን፣ ቤቱን ለጸሎት መክፈቱን፣ የትንሣኤን ተስፋ ይዞ መሞቱን።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ ሕይወቱ ነው" አልኩ።

"ሕይወቱ አናጢነቱ ነው። የቤቴን በርና መስኮት የሠራልኝ እሱ ነው፤ እጁ ወርቅ ነበር፣ አልክድም። ጴንጤነቱን ግን ይዞት መቃብር ይግባ። አንዲት ቃል ብትጨምር ሰኞ ክፍል አትገባም።"

ለእናቴ ነገርኳት። "የፈቀዱልህን አንብብ" አለችኝ። "እግዚአብሔር የአባትህን ታሪክ ካንተ ወረቀት አይማርም።"

እውነቷን ነው። መስመሮቹ ቢቀሩ እግዚአብሔር የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጎድልብኝ እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊቴ ቆሟል። የመጀመሪያው ስርዝ ላይ ስደርስ ዘልዬ ወደ ትዳሩ ገባሁ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ መምህር!"

ያቋረጡኝ ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤታችን ነበሩ። በእኛ ቀብር ላይ አዛውንቶች አንባቢን ማረማቸው ያለ ነው፤ የአያት ስም ሲሳት ወይም የልጆች ቁጥር ሲጎድል ዝም አይሉም።

"ዘለልክ እኮ! ከአምላኩ ጋር የነበረውን ነገር የት አደረስከው? እኔ ሱቄን የምከፍተው በግድግዳ የእሱን ጸሎት እየሰማሁ ነው።"

ከኋላ አንዲት ሴት ቀበል አድርጋ፣ "ልጄ ስትታመምብኝ የተጸለየላት የት ሆነና? እዚያው እሱ ቤት ነው!" አለች።

ሊቀመንበሩ ወረቀቴን ተመለከተ። እኔ የተፈቀደልኝን ብቻ ነው ያነበብኩት። ባለሱቁን እንዳይቆጣ ሽበታቸው አሳፈረው።

ሦስተኛው መስመር ቀረ። እሱን ማንም አልጨመረልኝም። ሁለቱ አባቴ ያደረጋቸው ነገሮች ናቸው፤ ያየ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ሦስተኛው ግን ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ የሚያምነው ሰው ካልሆነ ሌላ አይናገረውም። ወረቀቱን አጠፍኩት።

"አባቴ የሞተው የትንሣኤን ተስፋ ይዞ ነው" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጎላ። "እኔም አምናለሁ። ይነሣል!"

ከዚያ እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች መዝሙር አነሣች። ዓመታት በየጓዳው በሹክሹክታ የዘመርነውን በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው። ምእመናኑ ተቀበሏት፤ እኔም ተቀበልኳት። አፈር ሊመልስ አካፋ ያነሣው ሰው ሳይቀር ዝማሬው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሞት በዚያ ቀን አንድ ሰው ወስዶብናል፤ አሸንፏል የሚል ግን ከመካከላችን አልነበረም።

ሰኞ ቀበሌ ተጠራሁ። ከከተማው ትምህርት ቤት ተነሥቼ ከቱላ ወዲያ ገጠር ውስጥ ወዳለች ባለ ሦስት ክፍል ትምህርት ቤት ተዛውሬ ነበር።

"አዘንክ?" አለኝ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን እየሰጠኝ።

"በአባቴ፣ አዎ" አልኩት።

እስከዚያን ጊዜ አላለቀስኩም ነበር። አማኝ ሰው ካለቀሰ ተስፋውን የካደ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ተስፋ ያለው ሰው ያለቅሳል፤ የሚያለቅሰው ስለሚወድ ነው። ወደ አዲሱ ሥራዬ በሄድኩበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ በእንሰቱ መካከል ባለው መንገድ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዕንባዬን ጠርጌ ዘመርኩ፤ ዘምሬ እንደገና አለቀስኩ። ደብተር ማረም አለብኝ የምለው ሰው አልነበረም፤ ቀና ብዬ፣ ጮክ ብዬ እየጸለይኩ ሄድኩ።