ሦስተኛው ኮምፒውተር

በዋያላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አዛውንት አሉ፤ የሹራባቸው ክርን በሌላ ቀለም ሱፍ ተጠግኗል። ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚናገረውን ፕሮግራም በዊንዶውስም በማክም ላይ ጭነው ሞክረዋል። ዛሬ ሊኑክስ ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። የሚያሰሙት ሟች ሚስታቸው ዕቃ ስታጥብ ያንጎራጎረችው፣ በካሴት የቀረ ዜማ ነው። ምን ዘፈን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቋትም።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም እኮ» አለቻቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኖሊን። «ፕሮግራሙ የሚያውቀው ተቀርጸው የወጡትን ዘፈኖች ብቻ ነው፤ የጓዳ እንጉርጉሮ ከየት ያውቃል?»

«እንደኔ ደንቁሮ ይሆናላ!» ብለው ሳቁ።

ላፕቶፑም «አልተገኘም» አለ። ካሴቱን በመሐረብ ጠቀለሉና አጠገባቸው ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ፣ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ያለው ሰው ያውቃሉ?»