የኤልቪራ ድምፅ

ኤልቪራ ቱርን የወንዝ አልጌ ተመራማሪ ናት። ሃይማኖተኛ ሰው ብርቅ በሆነበት በሞንቴቪዴዮ ምሁራን ዘንድ ግን ከአልጌዋ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን መሄዷ ነው የታወቀላት።

ገና በዩኒቨርሲቲው ጀማሪ ሳለች ምሳ ላይ አንዱ «ለመሆኑ አንቺ በእግዜር ታምኛለሽ እንዴ?» ቢላት «አዎ» አለች። አልሸሸገችም፣ አላብራራችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «መነኩሲቷ» ሆነ። ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ባልና ልጆች አሉኝ ብትልም ሰሚ አላገኘችም። አገሩ ሁሉ «የቱሪዝም ሳምንት» ብሎ ለሽርሽር በሚወጣበት በሕማማት ሰሞን፣ እሷ «ዓርብ ስቅለት ነው፤ ናሙና ልቀዳ አልወጣም» ስትል፣ የሥራ ባልደረባዋ ሩበን ሱቢሳ የማቴ ሻይ ቴርሞሱን በብብቱ እንደያዘ «በቃ፣ አልጌዎቹም ይጹሙ!» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሷም አብራ ትስቃለች። ከመከራከር መሳቁ ይቀላታል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ተራው የሷ ሆኖ ሳለ ለሩበን ተሰጠ። «ገለልተኛ ሰው ይሻላል ብለን ነው፤ አትቀየሚን» አሏት። የሩበን ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚደግፈው የፖለቲካ ፓርቲ ባንዲራ ተሰቅሏል።

አምና አንድ የመምህርነት ቦታ ተከፈተ። ዳኞቹ ሩበን፣ ከሌላ ኮሌጅ የመጣችው ዴልያና ኤልቪራ ነበሩ። መጨረሻ የቀሩት ተወዳዳሪዎች ሁለት ናቸው፦ የሩበን የገዛ ተማሪ ጋስቶን፣ እና ኖኤሚ ጎኔት፣ ኤልቪራ በተወለደችበት በፕሮቴስታንቶቹ ከተማ በኮሎንያ ቫልዴንሴ ያደገች፣ የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ። የኖኤሚ ሥራ ይበልጥ ነበር። ኤልቪራ ሁለቱንም ጽሑፍ አንብባ ይህን በደንብ አውቃዋለች።

«እዩልኝ እስቲ» አለ ሩበን የኖኤሚን ጽሑፍ እየገለጠ፤ «ምስጋናው ላይ ‹በሁሉ የረዳኝን አምላኬን› ትላለች። የትኛውን ምዕራፍ ነው የጻፈላት?»

ዴልያም ሳቀች። «እሱን ተወውና ሥራዋን እንይ። የኔ ድምፅ ለሷ ነው።»

«የኔ ለጋስቶን። ልጁን ከጅምሩ አውቀዋለሁ» አለ ሩበን። ይህ ማንንም አልከነከነም። ሁለቱም ወደ ኤልቪራ ዞሩ።

ኖኤሚን ብትል ምን እንደሚባል ከወዲሁ ተሰማት፦ መነኩሲቷ የራሷን መነኩሲት አስገባች።

«ጋስቶን» አለች። «በስታቲስቲክሱ ትንሽ ይጠነክራል።»

አይጠነክርም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሩበን ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «እውነቴን ነው፣ ዛሬ ኮራሁብሽ። ለወገንሽ ታደያለሽ ብዬ ነበር እኮ!» ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ስትጠብቅ ኖራ፣ ሲመጣ ትከሻዋን ከእጁ አውጥታ ሄደች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኖኤሚ ደጃፉ ላይ አቀፈቻት። «እትዬ ኤልቪራ፣ አትዘኚ። ብቻሽን ምን ታደርጊ? እንደተሟገትሽልኝ አውቃለሁ።»

ዝም ማለት ትችል ነበር። «አልተሟገትኩም» አለች። «ድምፄን ለሱ ነው የሰጠሁት።»

ኖኤሚ እጇን ከትከሻዋ አነሳች። «ሥራዬ ጉድለት ነበረበት?»

«የለበትም።»

«ታዲያ?»

«የራሷን ሰው አስገባች እንዳይሉኝ ብዬ።»

«እነሱ በእምነቴ ቢጥሉኝ ይገባኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «አንቺም በዚያው?»

ሰኞ ማለዳ ኤልቪራ ሩበን ቢሮ ገብታ ድምፄን ልቀይር አለችው። «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» አላት። «ደግሞስ ምን ብለሽ? ኅሊናዬ ወቀሰኝ ልትዪ? መሳቂያ ነው የምትሆኚው።» ለዴልያ ደወለች፤ ዴልያም «አሁን ነው የመጣልሽ?» ብላ ዘጋችባት።

ጋስቶን ዓመት እንኳ ሳይደፍን ባርሴሎና ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ቦታውም በጀት የለም ተብሎ ታጠፈ። ኖኤሚ አሁን አንድ የአይብ ፋብሪካ ውስጥ ወተት ትመረምራለች፤ ወደ ምርምሩ የመመለስ ሐሳብም የላትም። ኤልቪራን ግን ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር «እሷ ትግባ፣ ሚዛናዊ ናት» ይሏታል።

ባለፈው ወር ምእመናኑ ለጌታ እራት ክብ ሠርተው ሲቆሙ፣ የኖኤሚ እናት ብላንካ ከኤልቪራ ጎን ቦታ ደረሳት። ኅብስቱን አቀበለቻት፤ መባል ያለበትንም ቃል አለች። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ኤልቪራ ቆርሳ በላችና ቀሪውን ለሚቀጥለው ሰው አሳለፈች።