ማስጠንቀቂያው ከቦታው የተነሣበት ሰው

ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ነጠላ ሰረዝ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጣለት የብየዳ ክፍሉ ፎርማን ነው። ሰውየው አንድ ጊዜ፣ ታትሞ ያለቀ መመሪያ በአንዲት ነጠላ ሰረዝ የተነሣ እንደገና ካልታተመ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሰውን ሲያንጨረጭር ሰነበተ። ሲናገርም በየሁለት ቃሉ ቆም ስለሚል ስሙ ልክክ አለበት።

ፋብሪካው የሐኪም ቤት መቀስና ጉጠት በእንፋሎት የሚቀቅል ማሽን ይሠራል። እሱ ደግሞ ማሽኑ እንዴት እንደሚበራ፣ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ይጽፋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግን አይጽፍም። መጀመሪያ ወርዶ ማሽኑ ሥር ይንበረከካል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እጁ የት እንደሚደርስ፣ ዓይኑ ምን እንደሚጋረድበት ያያል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ በገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ገጹን እንደ ቤት ዕቃ ያሰናዳል፤ ሥዕሉን እዚህ፣ ቀስቱን እዚያ፣ ማስጠንቀቂያውን በቀይ ሳጥን ከሥዕሉ ጎን። «ማሽን ፊት የቆመ ሰው ገጽ አያገላብጥም፤ እጁ መቼ ነጻ ሆኖ!» ይል ነበር። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያው ጭንቅላቱን እያከከ መጣ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ፕሮግራም አበቃለት።»

«ተበላሸ?»

«ኧረ አልተበላሸም። የሚሠሩት ሰዎች ናቸው የተዉት። ካሁን በኋላ አይሸጥም፣ አይታደስም፤ ፈቃዱ ሲያልቅም አይከፈትም።»

«ደህናውን ነገር?»

«ደህናውን ነገር» አለ ባለሙያው፤ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ።

በምትኩ የመጣው ሥርዓት ገጽ ማሰናዳት የሚባል ነገር አያውቅም። ጽሑፉ ተቆራርሶ የመረጃ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሥርዓቱ ራሱ እያነሣ እየገጣጠመ ለሐኪም ቤቱ በስልክ ይልከዋል። ነጠላ ሰረዝ መቶ አርባ መመሪያዎቹን ወራት ፈጅቶ በገዛ እጁ ቆራረሰ። እውነቱን ለመናገር አልጠላውም፤ አንድ ቦታ ያረማት ቃል አርባ ቦታ ስትታረም ሲያይ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ለሚስቱ ሁሉ ነግሯታል።

ችግሩ የመጣው ትልቁ መቀቀያ ላይ ነው። «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ» የሚለው ቃል በድሮው መጽሐፍ ከተራ ቁጥር ስድስት ጎን፣ ልክ ክዳኑ በሚከፈትበት ቦታ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ማስጠንቀቂያን ሁሉ ለቅሞ መግቢያው ላይ ይከምራል። ይኸኛውም ገጽ ሦስት ላይ፣ ከሠላሳ አራቱ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ ተሰለፈ። ወደ ቦታው መለሰው። በነጋታው ተመልሶ መግቢያው ላይ አገኘው። ደግሞ መለሰው። ደግሞ ሄደ።

ወደ ክፍል ኃላፊዋ ገባ። ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት እንደወጣች እሱ ሥር ነበር ሥራ የለመደችው።

«ይኼ ነገር ሰው ያቃጥላል» አላት።

«ጋሼ፣ ገብቶኛል። ሥርዓቱን የሸጡልንን ሰዎች ጠይቄያቸዋለሁ እኮ። የሥርዓቱ አሠራር ነው፣ ለአንድ ማሽን ብለን አንለውጥም አሉኝ።»

«አንቺ ለምን እምቢ አትያቸውም?»

«ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ እንዴ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ማስጠንቀቂያው ባይኖር እከራከር ነበር። አለ። ያለ ነገር የለም ብዬ እንዴት ልከራከር?»

አንድ ነገር ብቻ በእጁ ቀርቶ ነበር፤ መመሪያው ከመውጣቱ በፊት «አጽድቄያለሁ» የሚለውን መጫን የእሱ ሥራ ነው። አልጫነም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አለፈ። ሚስቱ በመጨረሻ ወንድ ወጣህ ብላ ሳቀችበት፤ እሱም አብሯት ሳቀ። በአራተኛው ቀን ሲከፍተው መመሪያው ሄዷል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «በሦስት ቀን ውስጥ ምላሽ ባለመሰጠቱ እንደጸደቀ ተቆጥሯል» ይላል፤ የአጽዳቂ ስም በሚለው ቦታ ደግሞ የእሱ ስም ከነአባቱ ሰፍሯል። ሊሰርዘው ሞከረ፤ መሰረዣ አልነበረውም።

ከአምስት ወር በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አንዲት ሴት ናት፤ ከአንድ ሐኪም ቤት ዕቃ መቀቀያ ክፍል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ መመሪያውን የሚያዘጋጀው ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ክንዴ ላይ ወጣ። አሁን ደህና ነኝ፣ በፋሻ ታስሮልኛል። የደወልኩት ለሌላ ነው። አለቆቼ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ አላየሁም። ተራ ቁጥር ስድስትን እያነበብኩ ነው የከፈትኩት፤ ምንም አይልም። እውነት ተጽፏል?»

አልተጻፈም ቢል ውሸት ነው።

«ተጽፏል፣ እህቴ። ገጽ ሦስት ላይ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«አይደለም! ስሚኝ፣ አይደለም። ቦታው እዚያ አልነበረም። ይህንኑ ደብዳቤ አድርጌ እጽፍልሻለሁ፣ በስሜ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ነው ኮሚቴው የሚቀመጠው።»

ከምሳ በፊት ጽፎ ጨረሰ። ኃላፊዋ አንብባ፣ ያለ ሕግ ክፍሉ ፈቃድ እንዳይልከው ለመነችው፤ ራሷ ይዛው እየሮጠች ሄደች። የሕግ ክፍሉ አይቶ እንደሚያሳውቅ ነገራት። ማግስቱ መሸ። ሳምንትም ሆነ። የሕግ ክፍሉን መልስ ሳይጠብቅ የደብዳቤውን ቅጂ በግሉ ለሐኪም ቤቱ ላከ፤ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ በደወለችበት ቁጥር ደወለ። ሌላ ድምፅ አነሣ።

«እሷ እዚህ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እኔንጃ። እኔ አዲስ ነኝ።»

አመስግኖ ዘጋ። ስሟን እንኳ ሳይጠይቃት እንደቀረ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት «አንተ ምን ታደርግ?» አለችው፤ ልታጽናናው ነበር። እሱ ግን እንደ ጥያቄ ያዘውና መልሱን ሲያስብ ራቱ ቀዘቀዘበት። ዛሬም እዚያው ይሠራል። በየቀኑ የሚጸድቅ ነገር ይመጣለታል፤ ጫነውም አልጫነውም፣ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል።