ከሰው ደጅ የቀዳሁት ውኃ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አክስቴ፣ እዪ! መንገዱ ውኃ የሆነ የቻይና ከተማ!» አለችኝ። የድንጋይ ድልድይ፣ ቀጫጭን ጀልባዎች። ከዓይኔ ቀድሞ ጉሮሮዬ አወቀው።

እትዬ ዘውድነሽ፣ የእናቴ ታናሽ፣ እኛ በምንኖርባት በሱዳኗ ገዳሪፍ ሱቅ ላይ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ገና ሳላገባ፣ ዕቃ ልታመጣ ቻይና ስትሄድ ለሸክሙም ለጨዋታውም ብላ አስከተለችኝ። ሥራው አልቆ አንድ ቀን ሲተርፈን፣ ከሻንጋይ በአውቶቡስ ጥንታዊዎቹን የቦይ ከተሞች ልናይ ሄድን።

ሙቀቱ የገዳሪፍን ግንቦት ያስንቃል፤ ያውም እርጥብ ሙቀት። እትዬ ድልድዩ ጥግ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ስታማርጥ፣ እኔ ጥሜን ይዤ ወደ አንድ ቀጭን መንገድ ገባሁ። ሰማያዊ ጨርቅ የተሰጣበት ግቢ ደጅ ላይ ትልቅ የሸክላ ጋን ቆሟል፤ ውኃው ኩልል ያለ፣ ቅል ተደፍቶበታል። እኛ አገር ደጅ ላይ ዚር የምንለው የውኃ ጋን ከቆመ መንገደኛ ይጠጣ ተብሎ ነው፤ ማን ይጠይቃል? እኔም ሳልጠይቅ ጨለጥኩት።

እሳት ነው የዋጥኩት። አንዲት አሮጊት እየጮኸች ወጥታ ቅሉን ከእጄ መታችውና አገጬን ጨምድዳ ያዘችኝ። በኋላ እንደገባኝ ቤቱ ጨርቅ ማቅለሚያ ነው፤ የጠጣሁትም ከኖራ ላይ የጠለለ ውኃ። ያኔ ግን መርዝ መሰለኝ። ልጮህ ብል ድምፅ የለኝም።

እትዬ ጩኸቱን ሰምታ ደረሰች። «ልቀቂያት! ምን ሰረቀችሽ? አንቺ ልጅ፣ ተናገሪ እንጂ!»

ጋኑን በጣቴ አሳየኋት።

«ዚር መሰለሽ? ወላሂ፣ አንቺን ይዞ አገር ማየት!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «ለእናትሽ ምን እላታለሁ?»

ወደ ሻንጋይ የሚመልሰን አውቶቡስ ጥሩምባ ጮኸ። እትዬ ወደ ውጭ፣ አሮጊቷ ወደ ውስጥ ጎተቱኝ። በመጨረሻ አሮጊቷ የራሷን አፍ ከፍታ ጠቆመች፣ ቀጥሎ የእኔን። እትዬ ጎንበስ ብላ አፌን አየችና ክንዴን ለቀቀች።

«ይሂድ አውቶቡሱ» አለች።

አሮጊቷ አፌን ደጋግማ አጉመጠመጠችኝ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ ቀጭን የሩዝ አጥሚት በማንኪያ። በየጉርሻው እስቲ ተናገሪ እንደማለት አገጯን ታነሣብኛለች። ፀሐይዋ ከጣራው ስትወርድ «እትዬ» የምትል ሻካራ ድምፅ ወጣችኝ። ሁለቱም እኩል በደስታ ጭናቸውን መቱ።

ዛሬ ገዳሪፍ ከጦርነት በሸሸ ሰው ተጨናንቃለች፤ በትግርኛውም በዓረብኛውም የሚጮህብኝ አይጠፋም። እኔ ግን ከመቀየሜ በፊት እጁን አያለሁ፤ እየገፋኝ ነው ወይስ እየያዘኝ?