የእናቴ እግርና የእስክሪብቶው መስመር

ሐኪሙ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ የእናቴን ቅልጥም ዙሪያውን አሰመረበት። ከመስመሩ በታች እግሯ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ሲነኩት ያቃጥላል። «ነገ ጠዋት ቅላቱ ይህን አልፎ ካገኘሁት እግሩን ልናጣው እንችላለን» አለኝ።

ነገሩ የመጣው ከሚስማር ነው። አሰላ ካለችው ሱቃችን ጓሮ የሳጥን ሚስማር በአውራ ጣቷ ረግጣ ቁስሉ መገለ፤ አንቲባዮቲክ ታዘዘላት፣ ተሻላት፣ ከዚያ ባሰባት።

«እማማ፣ የታዘዘልዎትን ካፕሱል በሙሉ ወስደዋል?» አላት ሐኪሙ።

«አዎ፣ ወስጃለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። ወስዳ ጨርሳ ከባሰባት፣ መድኃኒቱ ጀርሙን አልቻለውም ማለት ነው።

በጥየቃ ሰዓት የግቢያችን ጎረቤት ብርቱካን ይዛ መጣች። እናቴን ስማ ሳትጠግብ፣ «ገለቶሚ እህቴ፣ ያ የሰጠሽኝ ካፕሱል ቶንሲሌን ድራሹን አጠፋው። ዴራ ላለችው እህቴም ተርፏታል» ብላ አመሰገነቻት።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ ወስጃለሁ አላልሽም?»

«ሐኪሙ እንዳይቆጣኝ ነው። ቁስሉ ሲደርቅልኝ የተረፈውን አደልኩት። ጎረቤት ሲጠይቀኝ፣ እያለኝ የለኝም ልበል?»

እንዲህ ናት። በርበሬም ይሁን ከሰል፣ ከእናቴ ደጅ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የለም። ልጮህባት አፌን ከፈትኩና መስመሩን ሳይ ፍርሃቱ ቁጣዬን ዋጠው። ሐኪሙን ፍለጋ በኮሪደሩ ሮጥኩ።

«መሀል ላይ ማቆም እኮ የተረፈውን ጀርም ማጠንከር ነው» አለኝ፤ ተናዷል። ቢሆንም እውነቱን ማወቁ ጠቀመው፤ መድኃኒቱ ጨርሶ እንዳልከሸፈ ስለገባው፣ ከዚያው ወገን ጠንከር ያለውን መርጦ በደም ሥሯ ጀመረላት። መግሉን አስወጣ፤ የሞተውን አውራ ጣቷን ግን ማዳን አልቻለም፣ ቆረጠው።

ወደ ማታ ቅላቱ መስመሩን ነካ። «አለፈ?» ትለኛለች። «አላለፈም» እላለሁ። ጠዋት ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ቅላቱ ከመስመሩ ዝቅ ማለቱን ነገረን። አለቀስኩ።

እናቴ ቤት በገባች ሰሞን ያችው ጎረቤት መጣች። ልጇን ያስለዋል። «ከመድኃኒትሽ ተርፎሽ ይሆን?» አለቻት።

እናቴ ፋሻ የተጠመጠመ እግሯን፣ አውራ ጣቷ የነበረበትን ቦታ አየች። ከሆስፒታል ስትወጣ ከታዘዘላት ያልጨረሰችው ክኒን ትራሷ ሥር ነበር።

«አለኝ» አለቻት። «ግን አልሰጥሽም። ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው።»